አባቴን ሜልፎርድ ያልኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ጌታሁን፣

አባዬ፣ ከባድ ዜና ስላለኝ መጀመሪያ ቁጭ በል። ለነገሩ ተጋድመሃል፤ እንደተጋደምክ ስማኝ።

በጥልቅ ሐዘንና በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት ለቤተሰብ፣ ለወዳጅ ዘመድ፣ ለፌርፋክስ ጎዳና ሐበሻ ወሬኞችና ለምቀኞችህ በሙሉ የሚከተለውን አስታውቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ኢንግልዉድ በሚገኘው ቋሚ አድራሻህ፣ የመቃብር ድንጋይህ ተተክሏል። ድንጋዩ ላይ ስምህ ተቀርጿል። የተቀረጸው ስም ሜልፎርድ ነው። የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ይደረግ።

አለቀ? ኦኬ።

ከተለያየን አስራ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆነን። የቆጠረችው እማዬ ናት፤ እኔ የራሴንም ልደት ስልኬ ነው የሚያስታውሰኝ። ቤት ብዙ ነገር ተቀይሯል። ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዙረነዋል። እማዬ «ሰውየውን ዜና ነው ያደከመው፣ አሁን ደግሞ ውጭ ውጭውን ይይ» አለች። ሶ አሁን ባዶ ወንበር የሰፈራችንን፣ የኮሪያታውንን ትራፊክ ሲቆጣጠር ይውላል። ሪሞቱ የኔ ሆኗል። ቡኒ ጃኬትህንም እኔ ነኝ የምለብሰው፤ ትከሻው ይሰፋኛል። እማዬ በር ላይ ስታየኝ ትደነግጥና፣ ስላስደነገጥኳት ትሰድበኛለች። «ነገ እሠራዋለሁ» ያልከው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። ነገ የምትለው ቀን ይሄን ያህል ሩቅ መሆኑን ብትነግረን ሌላ ሰው እንጠራ ነበር።

ኮሌጁን ትቼዋለሁ። አትጩህ። ብትጮህም አይሰማኝም፤ የመሞትህ ብቸኛ ጥቅም እሱ ነው።

ይሄን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ያነበዋል። የት እንደምለጥፈው መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ከሥሩ ጀምሬ ልጻፍ። ደግሞ የምታውቀው እኔ ከማስበው በላይ ነበር፤ እሱም ይመጣል።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በፌርፋክስ በመኪና ይዘኸን ትወርድ ነበር። እኔ ከኋላ፣ እማዬ ከፊት፣ አንተ ደግሞ በየመብራቱ የመንገድ ስም እያነበብክ። ዋሽንግተን አለፈ። አዳምስ መጣ። ቀጥሎ ጄፈርሰን አለ። «እነዚህ ሰዎች ናቸው» ትላለህ። እንዳናውቅ ፈርተህ ነው መሰለኝ በየሳምንቱ ትነግረናለህ። «ፌርፋክስ ራሱ ሰውዬ ነው። እኛ አገር ስም ሦስት ትውልድ ይሄድና ይደክመዋል፤ የአያትህ አባት ማን ነው ብትባል ትንተባተባለህ። እዚህ ግን ስም አይደክመውም። መጀመሪያ ሰው ነው። ሰውየው ሲሞት መንገድ ይሆናል። መንገዱ ሲያረጅ ማቀዝቀዣ ይሆናል።» እማዬ «ማቀዝቀዣው ሲበላሽስ?» ትልሃለች። «ሲበላሽ የልጅ ስም ያደርጉታል» ትላለህ። እውነትህን ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ሊንከን የሚባል ልጅ፣ ሊንከን የሚባል መንገድ ላይ የሚኖር፣ አባቱ በዚያው ስም መኪና የሚነዳ ነበር። ለዚህ ልጅ ዓለም በሙሉ አድራሻው ነበረች። እኔ ደግሞ ናሆም ጌታሁን ነኝ፤ በስሜ የሚጠራ የአውቶቡስ ፌርማታ እንኳን የለም።

አንተ ጌታሁን ወልደገብርኤል ነበርክ። ክሊኒክ ስንሄድ ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ትወጣና «ሚስተር ወልዴ…» ትልና ትቆማለች። «ወልዴጋ…» ትላለች። ከዚያ ሰዉን በሙሉ እያየች ይቅርታ ትጠይቃለች። አንተ የተጠራኸው አንተ መሆንህን እያወቅክ አትነሳም። ሦስተኛ እስክትሞክር ትጠብቃለህ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ «አባቴን በየክሊኒኩ ሲሰባብሩት መስማት ሰለቸኝ» አልክ። በዚያ ሰሞን የዜግነት ፎርሙን እየሞላን ነበር፤ ፎርሙ ላይ ደግሞ ስምህን መቀየር ትፈልጋለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ።

ፎርሙን ፊል የማደርግልህ እኔ ነበርኩ። አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከእንግሊዝኛህ ይልቅ በእንግሊዝኛዬ የምትመካበት፣ እኔም ይሄን አውቄ የምጫወትብህ ጊዜ ነው። ላውንድሪው «ሎንደን» እንደሚባል አሳምኜህ ለሁለት ወር ጎረቤቱን ሁሉ «ሎንደን ደርሼ ልምጣ» ስትል የነበርክ ሰው ነህ። ያንን ይቅር ብለኸኛል። መጀመሪያ ቀጥተኸኛል እንጂ።

ብዕሩን ይዤ ስጠብቅህ «ከባድ ስም ፈልግልኝ» አልከኝ። «መንገድ ያለው፣ ፋብሪካ ያለው፣ ጨዋ ቤተሰብ ያለው። አንዴ ሲጠሩት የማይሰበር።»

ሜልፎርድ አልኩህ።

አባዬ፣ እግዚአብሔር ያሳይህ፣ አንድም ቃል አልዋሸሁም። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁህ። ሜልፎርድ የሚባሉ የድሮ ጨዋ ቤተሰቦች እንግሊዝ አገር አሉ። ፓሳዴና ውስጥ ዛፉ ከቤቱ የሚበልጥበት በዚህ ስም የሚጠራ መንገድ አለ። ፋብሪካም አለ፤ ከአያትህ የበለጠ ያረጀ ፋብሪካ። «ምን ይሠራል?» አልከኝ። «የሸክላ ዕቃ» አልኩህ። እውነት ነው፤ ሸክላ ነው። ነጭ ሸክላ። በዚያው ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር፤ ደረቴ ትይዩ በሰማያዊ ፊደል ሜልፎርድ ይላል። ወንዶች ቆመው የሚሸኑበት ዕቃ ነው። የአሜሪካ ወንድ ግማሹ በየቀኑ ፊቱን ወደዚህ ስም አዙሮ ይቆማል።

አንተ መነጽርህን አወለቅክ። ትዝ ይለኛል፤ በሸሚዝህ ጫፍ ጠርገህ መልሰህ ሳታደርገው ረጅም ጊዜ አየኸኝ። «እርግጠኛ ነህ?» አልከኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«የሸክላ ዕቃ፣ ጥሩ ሥራ ነው» አልክ። «ሶ ጻፈው።»

ጻፍኩት። በትላልቅ ፊደል። 

ቃለ መሐላው ቀን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አዲሱ ስምህ ያለበትን ወረቀት ሲሰጡህ እማዬ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ፊቴን እጅጌዬ ውስጥ ቀብሬ እንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ፊሊፒናዊት አሮጊት የማለቅስ መስሏቸው ሶፍት ሰጡኝ፤ ጀርባዬንም መታ መታ አደረጉኝ። ሶፍቱን ተቀብዬ እሱ ውስጥ ሳቅሁ።

ከዚያ ለጋሼ በላቸው ነገርኩት። የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳውን ጓደኛህን ማለቴ ነው። ጋሼ በላቸው ምሥጢር ከሚይዝ ወንፊት ውኃ ቢይዝ ይቀላል። በሳምንቱ እሁድ እትዬ ወይንሸት ምግብ ቤት ስንገባ ፌርፋክስ በሙሉ ያውቅ ነበር። «ኧረ ሚስተር ሜልፎርድ! ብቅ በል እስኪ!» ይሉሃል። አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ እጅ ትነሳለህ። ከጠረጴዛ አንዱ ይነሳና «እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ አንዴ ሜልፎርድን አናግሬው ልምጣ» ይላል። ወደ ኋላ ይሄዳል። ሽንት ቤት። ሌሎቹ ቢራቸው ውስጥ ይስቃሉ። «ምን አለህ?» ይሉታል ሲመለስ። «ብዙ አላወራም፣ ዝም ብሎ ይሰማል» ይላል። አንተም አብረህ ፈገግ ትላለህ። የምትስቀው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው ብለን እኛ ደግሞ በዚያ እንስቃለን።

እንዳታነበው ጋሼ በላቸው አንድ ዘዴ ዘየደ። የእትዬ ወይንሸት ሽንት ቤት ውስጥ ያለውም የዚያው ፋብሪካ ዕቃ ነው። ስሙ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈበት። ፕላስተሩ ግን አይቆይም። በየሁለት ሳምንቱ ተልጦ፣ ሙጫው ሳይቀር ተፈግፍጎ፣ ስሙ ያበራል። ጋሼ በላቸው እየተራገመ እንደገና ይለጥፋል። የእትዬ ወይንሸት የጽዳት ሠራተኛ ናት የምትልጠው እያልን እናማት ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ሰኞ ነው የምትመጣው፣ ፕላስተሩ የሚጠፋው እሁድ ነው። ይሄን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ልብ አላልኩም።

አሁን ተራው ያንተ ነው። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ማክሰኞ ከፍርድ ቤት ወረቀት ይዘህ መጣህ። አንተም እማዬም ፈርማችሁበታል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋህልኝ። ናሆም ሜልፎርድ ይላል።

አባዬ፣ እኔ ያገሬን ቀመር ነበር የያዝኩት። ሐበሻ ነኝ። የልጅ ስም ከአባቱ የመጀመሪያ ስም ጋር ነው የሚያያዘው፤ አንተ ጌታሁን ነህ፣ እኔ ናሆም ጌታሁን ነኝ። ከአንተ ኋላ የሚቀጠለው ያንተ ጣጣ ነው። ልጅ በአባቱ ላይ የለጠፈው ስም አባቱ ላይ ይቀራል። ሜልፎርድን ስሰጥህ ለአንተ ብቻ የሰጠሁ ነበር የመሰለኝ። ሊንከን የሚባል ልጅ አጠገብ ዓመት ሙሉ ተቀምጬ፣ ይሄ አገር ስምን ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ እንደሚያወርድ አንዴ እንኳን ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም።

«ለምን የኔን?» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ጌታሁን ይበቃኛል!»

አንተ ረጋ ብለህ «እዚህ አገር ስም ወደ ታች ነው የሚፈስሰው፣ ልጄ» አልከኝ። ከንፈርህ ፈገግ አላለም። ዓይንህ አልሳቀም። እማዬ ከኩሽና «ይሄ ምን ያስጮኸዋል፣ ጨዋ ስም ነው!» ትላለች። አንተ «ጨዋ ነው እንጂ፣ ራሱ አይደል የመረጠው» ትላታለህ። እኔስ ምን ልበል? ስሙ የሽንት ቤት ነው ልበል? ያንን ካልኩ ያንተንም ልናገር ነው።

እማዬን ግን ማንም አልነካትም። «እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ አስካለ በቀለ ተብዬ መጥቻለሁ፣ አስካለ በቀለ ተብዬ እሄዳለሁ» ብላ እቅጩን ነገረችህ። ከሦስታችን የዳነችው እሷ ብቻ ናት።

ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ምን እንዳደረጉኝ አልነግርህም። ሊንከን ራሱ ቆሞ ሱሪውን እንደሚፈታ እያስመሰለ ነበር ሰላም የሚለኝ። ቤት መጥቼ ፊቴን አጥቁሬ ስቀመጥ «ሜልፎርድ፣ ምን ሆነሃል?» ትለኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ናሆም ነው የምትለኝ። ያን ሰሞን ብቻ ሜልፎርድ። የዋህነትህ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀበልኩት።

ከዓመታት በኋላ ልብህ ቆመ። አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ጠዋት፣ ምሳህን ይዘህ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን የምጽፈው የለኝም።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ከሥራ ቦታህ ደወሉ፤ ዕቃውን ውሰዱ አሉ። ፓሳዴና ድራይቭ አደረግኩ። ክራባት አሰርኩ፣ አባዬ። ያንተን ክራባት። ምክንያቱም አንተ «የሕንፃ ሱፐርቫይዘር» ነበርክ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ያልከው ይሄን ነው፤ እኔም በሩ ላይ ስምህ የተጻፈበት ቢሮ ነበር የጠበቅኩት። እንግዳ መቀበያው ጋ «የሚስተር ሜልፎርድ ቢሮ የት ነው?» አልኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ ክራባቴን አየች። «ምድር ቤት ውረድ» አለችኝ።

ምድር ቤት ዶሎሬስ የምትባል አጭር ሴት ጠበቀችኝ፤ ግራጫ የሥራ ልብስ፣ ወገቧ ላይ የቁልፍ እስር። ሳጥንህን ከፈተችልኝ። የላስቲክ ጓንት። ትርፍ ጫማ። የጸሎት መጽሐፍ። ከሊንከን ጋር ሳንበላሽ በፊት የተነሳሁት የትምህርት ቤት ፎቶዬ። ደረቱ ላይ «ጌታ» የሚል የተጠለፈበት ግራጫ ሸሚዝ። አያቴ ጌታ ሁን ብሎ መርቆህ ነበር፤ «ሁን» የሚለውን ቦታ አጥቶ ቆርጠውታል።

«ፎቁን ላሳይህ» አለችኝ። «የአባትህ ፎቅ ሦስተኛው ነው።»

ቢሮ መስሎኝ ተከተልኳት። የወንዶች ሽንት ቤት ከፍታ አስገባችኝ። ስድስት ናቸው፣ በተርታ። ነጭ ሸክላ፣ ሰማያዊ ፊደል። ሜልፎርድ፣ ሜልፎርድ፣ ሜልፎርድ። እንደ ሠርግ ሰሃን ያበራሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ በእጅህ የጠረግከው ስም ነው።

ዶሎሬስ በሷ ስፓኒሽ እንግሊዝኛ ነገረችኝ። አንድ ጠዋት እየሮጥክ መጥተህ «ልጄ ስም አወጣልኝ፣ ነይ ላሳይሽ» አልካት። እዚህ አመጣሃትና በጣትህ አሳየሃት። መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። አንተም ሳቅክ። ኋላ ግን «ታዲያ ለምን እምቢ አትለውም?» ስትልህ መሳቅህን ተውክ። «ይሄን ስም አውቀዋለሁ ካልኩት፣ ከየት ታውቀዋለህ ይለኛል» አልካት። «በሥራዬ ከሚስቅብኝ በስሜ ይሳቅ።»

እንደዚህ አልካት። ቃል በቃል ነው የነገረችኝ፤ አላለቀሰችም፤ እኔም አላለቀስኩም። እኔ ሽንቴ ነው የመጣው። ክፉኛ መጣ። ስድስት ቦታ አለ፤ ስድስቱም ላይ ያንተ ስም አለ። አልቻልኩም። ክራባቴን እንዳሰርኩ፣ ሳጥንህን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በዚያ ሁሉ ትራፊክ እስከ ኮሪያታውን ይዤው ነዳሁ። የመጀመሪያው ለቅሶህ ያ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ።

መንገድ ላይ ነው ፕላስተሩ ትዝ ያለኝ። እሁድ እሁድ የሚጠፋው። ሙጫው ተፈግፍጎ ስሙ የሚያበራው። አንተ ነበርክ፤ በጥፍርህ ነበር የምታነሳው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ «ሜልፎርድን ላናግር» ሲሉ ፈገግ ትል የነበርከው እያወቅክ ነው። ስድስት ዓመት። የሳቀብህን ሰው ሁሉ ቢራ ጋብዘሃል። እኔን ደግሞ ስሙን አሸክመህ፣ «ሜልፎርድ፣ ምን ሆነሃል?» እያልክ፣ ቁጭ ብለህ አይተኸኛል። አባዬ፣ እኔ ተንኮለኛ ነኝ ብዬ ስኮራ ኖሬያለሁ። አንተ ጨካኝ ነበርክ። ሳትነግረኝ መሞትህ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው፤ መልስ የማልመልስበት ቦታ ገባህ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ ይተከል ተባለ። ፎርም መጣ። በቤታችን ፎርም የሚሞላው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። «ጌታሁን ወልደገብርኤል ብዬ ልጻፍ?» አልኳት እማዬን፣ እንደዋዛ። «እንዴት ተደርጎ? አባትህ የወደደው ስም እያለ!» አለችኝ። ሦስት ቀን ዞርኩት። ወይ ዝም ብዬ የሽንት ቤት ስም መቃብርህ ላይ አስቀርጻለሁ፣ ወይ ለእናቴ እናገራለሁ። ብዕሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ፎርሙን ገልብጬ ወደ እማዬ ሄድኩ።

ነገርኳት። ሁሉንም። ትምህርት ቤቱን፣ ፋብሪካውን፣ ጋሼ በላቸውን፣ ፓሳዴናን። ሥራህን ግን ታውቅ ነበር፤ «የበረኪና ሽታ ያለው ሱፐርቫይዘር የት አለ? ልብሱን የማጥበው እኔ አይደለሁም?» አለችኝ። የማታውቀው ስሙን ነበር። ስጨርስ ለአራት ቀን አላናገረችኝም። አምስተኛው ቀን እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «አሳየኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሜልፎርድን።»

እትዬ ወይንሸት ቤት ገባን። ጋሼ በላቸውና ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። እማዬ ሰላም ሳትላቸው ነጠላዋን እንዳጣፋች ቀጥታ ወደ ኋላ ሄደች። እትዬ ወይንሸት «እንዴ አስካሉ፣ ያ የወንዶች ነው!» ብላ ተከተለቻት። «አውቃለሁ፣ በሩን ያዥልኝ» አለቻት። ውስጥ የነበረ አንድ ምስኪን ቀበቶውን እያሰረ ሮጦ ወጣ። እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ጥቁሩን ፕላስተር አየችው። ከሞትክ ወዲህ የሚያነሳው ስላልነበረ ጠርዙ አቧራ ይዟል። በጥፍሯ ጀመረችና ልጣ ጣለችው። ከዚያ በማታ ትምህርት እንግሊዝኛዋ፣ ጣቷን ፊደሉ ላይ እያስኬደች፣ አንድ በአንድ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ጎንበስ ብላ ሸክላውን አየችና «ይሄ በደንብ አልታጠበም። እሱ ቢሆን እንዲህ አይተወውም» አለች።

ወጥታ ጠረጴዛቸው ፊት ቆመች።  «ሜልፎርድን አናገርኩት» አለቻቸው። «ሰላም ብሏችኋል። ስድስት ዓመት ሙሉ የማን ምን ያህል እንደሆነ አይቻለሁ ብሏል። ያንተማ፣ በላቸው፣ እንዲያው ያሳዝናል ነው የሚለው።»

ጋሼ በላቸው አንገቱን ደፋ። አባዬ፣ በዚያች ቅጽበት ሞትህን ረሳሁት፤ ብታይ ኖሮ ብዬ ሳይሆን፣ ዞር ብዬ ላይህ ስል ነው ያጣሁህ።

በማግስቱ ድንጋይ ጠራቢው ጋ ሄድን። «ሜልፎርድ ይጻፍ» አለች። እማዬ እባክሽ አልኳት። «እሱ እያወቀ ነው የፈረመው» አለችኝ። «አንተ ነህ የምትሠራውን የማታውቀው። ያወቀው ሰው ቃል ይጸናል።» ቀጥላም ድንጋዩ ሰፊ እንዲሆን አዘዘች፦ ከላይ በትልቁ ሜልፎርድ፣ ከሥሩ በግራ ጌታሁን፣ በቀኝ ባዶ። ጠራቢው ባዶውን እያየ ለእርስዎ ነው ወይ አላት። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። «እኔ አስካለ በቀለ ነኝ፤ በአባቴ ስም የሚጻፍ የራሴ ድንጋይ ይኖረኛል በለው። ባዶው የዚህ ነው በለው» ብላ በአገጯ ጠቆመችኝ። የራሴን መቃብር በራሴ አፍ ተረጎምኩ። ሰውየው ገና ወጣት እንደሆንኩ ሲናገር፣ እሷ «ስም ወደ ታች ነው የሚፈስሰው ይል ነበር አባቱ» አለች። እሱን አልተረጎምኩለትም።

ቅዳሜ ተተከለ። ቄሱ ጸለዩ፤ ግማሹን ጸሎት ከኤርፖርት የሚነሳ አውሮፕላን ድምፅ በላው። ጋሼ በላቸው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በመሐረቡ ወለወለው፤ ፊደሉ ውስጥ የገባውን አሸዋ ሳይቀር በጥፍሩ አወጣ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ጋሼ በላቸው ቀና ብሎ፣ ቄሱንም እማዬንም እየፈራ፣ «ይቅርታ፣ እዚህ አካባቢ ሽንት ቤት አለ?» አለ። መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ። እኔም ፊቴን ጃኬትህ እጅጌ ውስጥ ቀበርኩ፤ ያኔ አዳራሹ ውስጥ እንዳደረግኩት። ይሄኛውን ግን ሳቅ ነው ብዬ አልምልልህም።

ይሄን ደብዳቤ እትዬ ወይንሸት ሽንት ቤት ውስጥ እለጥፈዋለሁ፤ ከስሙ በላይ፣ በጋሼ በላቸው ጥቁር ፕላስተር። ቆሞ የሚያነበው አይጠፋም። ሙጫው በለቀቀ ቁጥር ራሴ እየጠረግኩ፣ እያደስኩ እለጥፈዋለሁ።

አትርሳኝ እንደማትል አውቃለሁ፤ እንዳልረሳህ አድርገህ ነው የሄድከው። ሌላው ሟች በዓመት አንዴ ተዝካር ይወጣለታል። አንተን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ውኃ ከጠጣሁ ደግሞ ሰባት ጊዜ፣ ፊት ለፊት ቆሜ አስብሃለሁ። ቦታዬንም ጠብቅልኝ፤ አልቸኩልም።

ከባድ ዜና ያልኩህ ይኸው ነው። ጽፌ ሳየው ያን ያህልም አልነበረም። ስም ነው፣ በእኛ አምስት ፊደል። ትንሽ ነገር ናት።

ልጅህ፣
ናሆም ሜልፎርድ